ክንደ ብርቱውን ማን ይጠይቀዋል?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኛ ዘንድ ደብረ ብርሃንም ደረሰ። ለእኔ የላከልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። «አንብበውና ንገረኝ፤ እውነቱን አይደለም ወይ?» ብሎ ጽፎበታል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዙ ያነበበ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። አጻጻፉም ያምራል። ሐሳቡ ግን አሳሰበኝ። ያሳሰበኝም ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚዞረውን ነገር ስለተናገረ ነው።

ባጭሩ እንዲህ ይላል። የአፍሪካ ሕዝብ ምርጫ ሰልችቶታል። ለዲሞክራሲ ያን ያህል ደም የከፈሉት ደቡብ አፍሪካውያን እንኳ ሥራና ጸጥታ የሚሰጠን ካገኘን ምርጫው ይቅርብን ብለዋል። ሩዋንዳ በአንድ ሰው ብርታት ቆማለች። ማሊና ቡርኪና ፋሶ በወታደር ተመርተው ክብራቸውን አስመልሰዋል። እኛ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በንጉሥ የኖርን ሕዝብ ነን፤ ሸዋን ሸዋ ያደረጉት ክንደ ብርቱዎች ናቸው። የተራበና የተፈናቀለ ሰው የምርጫ ካርድ አይበላም። ስለዚህ አንድ ቆፍጣና ሰው ይምጣና ያስተካክለው።

ነጥቦቹን በተራ እመልሳለሁ። አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ግን መቆየት አለብኝ። የውጭ አገሮቹን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው ጽፌዋለሁ።

«ደቡብ አፍሪካውያን ራሳቸው ምርጫ ይቅርብን ብለዋል»

ቁጥሩ እውነት ነው። አፍሮባሮሜትር የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ተቋም በ2021 ደቡብ አፍሪካውያንን ጠይቆ ነበር። ያልተመረጠ መንግሥት ጸጥታ ቢያስከብር፣ ቤትና ሥራ ቢሰጣችሁ ምርጫውን ትተዉታላችሁ ወይ? 67 በመቶው አዎ አለ። ጸሐፊው እዚህ ላይ አቁሞ «ይኸው!» ይላል።

እኔ ግን ጥያቄውን እንደገና እናንብበው እላለሁ። «ቢሰጣችሁ» ነው የሚለው። ቤት ቢሰጥ፣ ሥራ ቢሰጥ፣ ሌባ ቢይዝ። ሥራ ከሚፈልጉ ሦስት ሰዎች አንዱ ሥራ በሚያጣበት አገር እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ምን ይበል? የመለሰው ስለ ቤቱና ስለ ሥራው ነው። ቤቱ ሳይሰጥ፣ ሥራው ሳይመጣ፣ ሰውየውም አልወርድም ቢል ምን ታደርጋለህ ብሎ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ይኸው ተቋም ሌላም ጠይቋል። ከ2021 እስከ 2023 በ39 የአፍሪካ አገሮች ባደረገው ጥናት 80 በመቶው ሰው የአንድ ሰው አገዛዝ አልፈልግም ብሏል። 66 በመቶው ከማናቸውም ሥርዓት ዲሞክራሲን እመርጣለሁ ብሏል። ጸሐፊው ይህን አላነሳውም።

እኔም የማይመቸኝን ቁጥር አልደብቅም። በዚያው ጥናት 53 በመቶው፣ ማለትም ከግማሽ የሚበልጠው፣ የተመረጡ መሪዎች ሥልጣናቸውን ለግል ጥቅም ካዋሉት ወታደር ቢገባ እቀበላለሁ ብሏል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ለዲሞክራሲ ያለው ድጋፍ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በ29 የመቶኛ ነጥብ ወርዷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያስፈራል።

እስቲ ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሕዝቡ የአንድ ሰው አገዛዝ አልፈልግም ይላል። ያው ሕዝብ መሪዎቹ ከባለጉ ወታደርም ቢሆን ይምጣና ያውርዳቸው ይላል። እኔ እዚህ ውስጥ ጌታ የናፈቀው ሰው አይታየኝም። የሚታየኝ የተቆጣ ሰው ነው። የተቆጣውም በማይጠየቅ መሪ ነው። ይህን ሰው ጭራሽ ምንም የማይጠየቅ መሪ ይምጣልህ ማለት እሳቱ ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ አንድ ታሪክ ላንሳ። ጃኮብ ዙማ ፕሬዚዳንት ሳሉ ንካንድላ ያለው የግል ቤታቸው በመንግሥት ገንዘብ ታደሰ። ለጸጥታ ነው ተባለ። የሕዝብ እንባ ጠባቂዋ ቱሊ ማዶንሴላ ጉዳዩን መርምረው በ2014 ሪፖርት አወጡ። መዋኛ ገንዳው፣ የከብት በረቱና የዶሮ ቤቱ ከጸጥታ ጋር አይገናኝም፤ ፕሬዚዳንቱ ድርሻቸውን ይክፈሉ አሉ። ፕሬዚዳንቱ አልከፈሉም። ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከሰሱ። በመጋቢት 2016 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፈረደባቸው፤ 7.8 ሚሊዮን ራንድም ከፈሉ። በ2018 የገዛ ፓርቲያቸው ገፍቶ ከሥልጣን አስለቀቃቸው። በ2021 ደግሞ መርማሪ ኮሚሽን ፊት ቅረቡ ተብለው እምቢ በማለታቸው 15 ወር ተፈረደባቸውና እስር ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ የተነሳው ሁከት ከ350 በላይ ሰው ሕይወት ቀጥፏል። ዋጋው ቀላል አልነበረም።

ይህን ሁሉ ያደረገው ግን ክንደ ብርቱ አይደለም። አንዲት ሪፖርት የጻፈች ሴት፣ አንድ ክስ፣ ጥቂት ዳኞች ናቸው። ደቡብ አፍሪካውያን ለምን ተናደዱ ብሎ ለሚጠይቅ፣ የተሰረቀው ብዙ ነበር፤ መብራቱም ይጠፋ ነበር፤ ሥራም የለም። እውነት ነው። በ2024 ምርጫ ግን ንዴታቸውን በካርዳቸው ገለጹት። ከ1994 ጀምሮ አብላጫ ድምፅ ይዞ ሲገዛ የኖረው ፓርቲ 40 በመቶ ድምፅ ብቻ አገኘ። ከሌሎች ጋር ተጣምሮ መንግሥት ለመመሥረት ተገደደ። «ምርጫ ይቅርብን» አሉ የተባሉት ሰዎች በምርጫ ያደረጉት ይህንን ነው።

«ሩዋንዳን ተመልከቱ»

ሩዋንዳን አደንቃለሁ። በ1994 በ100 ቀን ውስጥ 800,000 ያህል ሰው ካለቀባት በኋላ በእግሯ መቆሟ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ኪጋሊ ጽዱ ከተማ ናት። የጤና መድኑ አብዛኛውን ሕዝብ ደርሷል። ከምክር ቤቱ አባላት ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው። ይህን መካድ አያስፈልገኝም።

ግን ጸሐፊው «ሕዝቡ ወዶት ነው» የሚለውን ከምን አወቀ? በ2024 ምርጫ ፕሬዚዳንቱ ፖል ካጋሜ 99 በመቶ አገኙ። ሊወዳደሯቸው የፈለጉት ዳያን ርዊጋራና ቪክቷር ኢንጋቢሬ እንዳይወዳደሩ ታገዱ። ሰው በልቡ ያለውን አውጥቶ መናገር ካልቻለ ስለሚወደውም ስለሚጠላውም ማወቅ አይቻልም። ካጋሜን ከልቡ የሚወድ ብዙ ሩዋንዳዊ ይኖራል፤ እኔ አምናለሁ። ስንት እንደሆነ ግን ካጋሜ ራሳቸውም አያውቁም።

ደግሞስ የሚመጣልን ቆፍጣና ሰው ካጋሜን እንደሚሆን ዋስትናው ምንድን ነው? የዛየሩ (የዛሬዋ ኮንጎ) ሞቡቱም ክንደ ብርቱ ነበር። 32 ዓመት ገዝቶ ያን የሚያህል ሀብታም አገር አራቁቶ ሄደ። የኡጋንዳው ኢዲ አሚንም ክንደ ብርቱ ነበር። የመካከለኛው አፍሪካው ቦካሳም እንዲሁ፤ በ1977 ራሱን ንጉሠ ነገሥት ብሎ ዘውድ ደፋ። ሲመጡ ሁሉም ተጨብጭቦላቸዋል። ክንደ ብርቱ ፈላጊው እጣ እያወጣ ነው። እጣው ክፉ ሲወጣ ደግሞ መመለስ አይቻልም።

ቦትስዋና በ1966 ነጻ ስትወጣ ከዓለም ድሆች አንዷ ነበረች። አስፋልቷ በጣት የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲህ በየአምስት ዓመቱ ምርጫ አላቋረጠችም፤ አደገችም። በ2024 ለ58 ዓመት የገዛው ፓርቲ ተሸነፈ። ፕሬዚዳንቱ ሽንፈታቸውን ተቀብለው አስረከቡ። ጸሐፊው ስለ ቦትስዋና አንድም ቃል አልጻፈም።

«የሳህል ወታደሮች ክብር አስመለሱ»

በቡርኪና ፋሶዋ ዋጋዱጉና በማሊዋ ባማኮ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ለወታደር ሲያጨበጭብ ከልቡ ነው። አልፈርድበትም። የመረጣቸው ሰዎች ከታጣቂ ሊያስጥሉት አልቻሉም። የፈረንሳይ ጦርም ዓመታት ቆይቶ ሰላም አላመጣም። የቡርኪና ፋሶው ኢብራሂም ትራኦሬ በመስከረም 2022 ሥልጣን ሲይዝ ገና 34 ዓመቱ ነበር። ወጣት ነው፣ ደፋር ነው፣ ቋንቋው ይነካል። እዚህ የእኛ ልጆች ፎቶውን ስልካቸው ላይ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

ግን ሥራውን እንየው። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ሥልጣን በሐምሌ 2024 ለተመረጠ መንግሥት ይመለሳል ተብሎ ነበር። ቀኑ ሳይደርስ በግንቦት 2024 አምስት ዓመት ተጨመረበት። በነሐሴ 2024 ባርሳሎጎ በምትባል ከተማ ሰዎች ምሽግ ሲቆፍሩ ታጣቂዎች ደርሰው በመቶ የሚቆጠሩትን ጨረሱ። መንግሥትን ያስቆጡ ጋዜጠኞችና ዳኞች ወደ ጦር ግንባር ዝመቱ ተብለዋል። ማሊ በ2025 የፖለቲካ ፓርቲዎችን በሙሉ አፈረሰች። መሪዋ ያለ ምርጫ አምስት ዓመት፣ እሱም የሚታደስ፣ ተሰጠው። በዚያው ዓመት ታጣቂዎቹ የነዳጅ መንገድ ዘግተው ትምህርት ቤቶች ለሁለት ሳምንት ተዘጉ። ወታደሮቹ የመጡት ለጸጥታ ነበር። ጸጥታው የት አለ?

ወታደር ለጊዜው ነው ብሎ መጥቶ መቆየቱ ለእኛ አዲስ መሆን አልነበረበትም። የደርግ ሙሉ ስም ምን ነበር? ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ከ1967 እስከ 1980 ዓ.ም. 13 ዓመት ቆየ። «ያለ ምንም ደም» ብሎ የጀመረው ሰው በሁለት ወር ከጥቂት ቀን ውስጥ፣ በኅዳር 1967፣ 60 ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ከእኔ ትውልድ በላይ ያለ ሰው ቤት ገብቶ መጠየቅ ይበቃል።

እኛ ቤት እንዲህ ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም በ1981 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ከገበያ ታፈሰ። በግ ሊሸጥ ነበር የወጣው። አያቴ ሰምታ ቀበሌ ሄደች። የቀበሌው ሰው «እኔም ታዝዤ ነው እናቴ» አላት። አውራጃ ድረስ በእግሯ ሄደች። «ትእዛዙ ከላይ ነው» አሏት። «ላይ ማን ዘንድ ልሂድ?» ብላ ጠየቀች። የሚመልስላት አልነበረም። አጎቴ አልተመለሰም። አያቴ እስክትሞት የምትናገረው ስለ ጦርነቱ አልነበረም። ስለዚያች ስለ መጨረሻዋ ጥያቄ ነበር።

«እኛ በንጉሥ የኖርን ሕዝብ ነን»

እዚህ ነጥብ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ጸሐፊው በእኛ በሸዋዎቹ ስም ስለተናገረ።

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለውን ተረት ጠቅሶ ባህላችን ይህ ነው ይላል። ተረቱ አለ። ግን ማን ነው የተረተው? ንጉሡ አይመስለኝም። ሞፈር የሚጨብጥ፣ ማረስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። ፍርድ አጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው የተናገረው። ለእኔ ይህ ተረት እሮሮ ነው። እሮሮን እንደ ምርቃት ማንበብ ተገቢ አይደለም።

ባህላችን ሌላም ቃል አለው። «በሕግ አምላክ!» ሁለት ሰው ዱላ ሲማዘዝ አንድ መንገደኛ፣ ምንም ሥልጣን የሌለው ሰው፣ ይህን ይላል። የተቆጣው ሰውም ይቆማል። የቆመው ሰውየውን ፈርቶ አይደለም። ሕጉን አክብሮ ነው። በገጠራችን ክርክር እንዴት እንደሚወደድ ደግሞ ለሸዋ ሰው አልነግረውም። ለአንድ ጥማድ መሬት ዓመታት ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት የሚመላለስ ገበሬ ለጌታ መንበርከክ የሚወድ ሰው አይደለም። ፍርድ የሚፈልግ ሰው ነው።

አሁን ወደ ነገሥታቱ ልምጣ። ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ። እንደ እሳቸው ያለ ክንደ ብርቱ አልነበረም። በ1848 ዓ.ም. ሸዋን አስገበሩ። የሸዋውን ንጉሥ ልጅ ምኒልክን ወሰዱት። ክንዳቸው ሲዝል ግን አገሩ አብሮ ዛለ። በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። በ1860 ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ በእጃቸው የቀረው አምባውና ዙሪያው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። የአንድ ሰው ብርታት ሰውየውን ተከትሎ ይሄዳል።

ምኒልክ የተወለዱት አንጎለላ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም። ጸሐፊው እሳቸውን ዋና ማስረጃው አድርጓቸዋል። ምኒልክ ግን ኃይላቸው ጫፍ በደረሰበት ጊዜ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ሚኒስትሮችን ሾሙ። ለምን? አገር በአንድ ሰው ጉልበት እንደማይቀጥል ስለገባቸው ይመስለኛል። ጊዜ ግን አልነበረም። ታመሙ፤ አንደበታቸው ተያዘ። ዓመታት ተኝተው በ1906 አረፉ። ሞታቸው እንኳ ለሕዝብ አልተነገረም። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ ከሥልጣን ወረዱ። ማን ይግዛ የሚለው የመጨረሻው ክርክር የተፈታው በጥይት ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ሜዳ ላይ ስንት ሺህ ሰው አለቀ! ከዚያ በፊት የሸዋው ጦር መሪ ራስ ልዑል ሰገድ ቶራ መስክ ላይ ከሠራዊታቸው ጋር ወደቁ። ይህ ሁሉ በዚህችው በሸዋ ምድር ነው። ያኔ አንዱ ሲሄድ ሌላው እንዴት እንደሚተካ ሁሉም የተስማማበት መንገድ ቢኖር እነዚያ ሰዎች እርሻቸው ላይ ይውሉ ነበር።

ስለ ሸዋ ማውራት ከተፈለገ ደግሞ ስለ ጓሳ እናውራ። መንዝ ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሠራበታል፣ ከዝናብ የሚጠለሉበት ገሳም ይሠራበታል። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ወደ 400 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በራሱ ሕግ ጠብቆ ኖሯል። ተጠቃሚዎቹ አለቆቻቸውን ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ጓሳው ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋ ነበር። ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያስገባም። ሣሩ ሲደርስ ተነጋግረው ይከፍቱታል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወጣ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነጻነት ነበር፤ እሱን አልክድም። ጓሳ ላይ ግን ያ የቆየ ሥርዓት ፈረሰ። ከማዕከል የመጣው ትእዛዝ መንዝ ውስጥ ሰው ምን እንደሠራ አላወቀም። አልጠየቀምም። ጓሳው ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ተሰባስቦ አዲስ የጥበቃ ኮሚቴ አቋቋመና መልሶ ያዘው። ዛሬም ማኅበረሰቡ ነው የሚጠብቀው።

ስለዚህ «ይህ ሕዝብ ራሱን ማስተዳደር አያውቅም፤ የሚነዳው ይፈልጋል» የሚለው ላይ በጣም ነው ያዘንኩት። ብርድ በሚጋረፍበት ደጋ 400 ዓመት ሣር የጠበቀ ሕዝብ ነው። ዕድር ያቋቋመ ሕዝብ ነው።

የዕድር ነገር ከተነሳ፣ የእኛ ሰፈር ዕድር ያጋጠመውን ልንገራችሁ። ሊቀመንበራችን ቆፍጣና ሰው ነበሩ። ያረፈደ ይቀጣል፤ ሰበብ አይሰሙም። በእሳቸው ጊዜ ሁለት ድንኳን ተገዛ፣ መጋዘን ተሠራ፣ ወንበሩ ተሟላ። ሁላችንም አድንቀናቸዋል። ቀስ በቀስ ግን ገንዘብ ያዡን ሳይጠይቁ ማውጣት ጀመሩ። ደረሰኝ ሲጠየቁ «እኔን ነው የምትጠረጥሩኝ?» ይላሉ። ጠያቂው ያፍራል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ሄደ። ሹክሹክታው በዛ። በለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ጥግ ይዞ ያወራ ጀመር። መጨረሻ ላይ አንድ እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። በደንቡ መሠረት እጅ ወጣ። ወረዱ። ሒሳቡም ተመረመረ።

ምርመራው ምን አገኘ? ሌብነት አላገኘም። አንድ ብር አልወሰዱም። መዝገቡ ግን ስላልተያዘ ንጹሕነታቸውን የሚያሳይ ወረቀት አልነበረም። ወሩን ሙሉ ጎረቤት እየተጠየቀ፣ ሒሳቡ እየተደመረ ነው እውነቱ የተገኘው። ያ ቀን ብዙ አስተማረኝ። የማይጠየቅ ሰው ሐቀኛ ቢሆን እንኳ ሐቀኝነቱ አይታወቅለትም። ደንቡ እኛን ብቻ ሳይሆን እሳቸውንም አዳናቸው። ዛሬ ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚመቱት እሳቸው ናቸው። አልተሰደዱም። አልታሰሩም። ከሥልጣን ወርዶ በሰፈሩ በሰላም የሚኖር ሰው ማየት ለአገራችን ቀላል ነገር አይደለም።

«የተራበና የተፈናቀለ ሰው ካርድ አይበላም»

ስለ ረሃቡ ባጭሩ። ወሎ ጎረቤታችን ነው። በ1965 ሰው በረሃብ ሲረግፍ ቤተ መንግሥቱ ደበቀው። በ1977 መስከረም ደግሞ ሰው እያለቀ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በድምቀት አከበረ። በሁለቱም ጊዜ ክንደ ብርቱ ነበረን። ያልነበረን ረሃቡን የሚጽፍ ጋዜጣና «ይህን ያህል ሰው ለምን ሞተ?» ብሎ የሚያፋጥጥ ምክር ቤት ነው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ነጻ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር የከፋ ረሃብ አልታየም የሚሉት ለዚህ ነው። ድሃ አገር አይችልም ለሚል ማላዊ አለች። በ2019 የተደረገው ምርጫ ውጤት ወረቀቱ በነጭ ማጥፊያ ቀለም ተደልዞ ተገኘ። ዳኞቹ በ2020 ምርጫውን ሰረዙት። በድጋሚው ተቃዋሚው አሸነፉ። በ2025 ደግሞ እሳቸው ተሸንፈው ለቀድሞው ሰው መልሰው አስረከቡ። ማላዊ ከእኛ የበለጠች ሀብታም አገር አይደለችም።

የጸጥታው ነገር ግን ይከብዳል። እዚህ ላይ ጸሐፊውን ከልቤ እሰማዋለሁ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል አይተናል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዓመታት በመጠለያ የሚኖሩ ወገኖች አሉን። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ሰው ቢደክመው ምን ይደንቃል? ሕዝቡ ሥልጣን በድምፁ እንዲያዝ እንደሚፈልግ ደግሞ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አሳይቷል። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ እስከ ማታ የተሰለፈውን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሐዘን ከሰልፉ የመጣ አልነበረም።

በቅርቡ ወደ ደብረ ሲና በሚኒባስ ስሄድ አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። መንገድ ላይ ቆመን ብዙ ጠበቅን። እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ አንድ ቆፍጣና ሰው ቢመጣ እኮ ይኼ ሁሉ አይሆንም ነበር።»

«ቢመጣ ምን እንዲያደርግልዎ ነው እማማ?»

«መንገዱን ይከፍተዋል። ልጄ ትምህርቱን ይጨርሳል። እኔም ነጋ አልነጋ ብዬ ሳልፈራ እህሌን ይዤ ገበያ እወጣለሁ።»

«እሺ፣ ያ ሰው ልጅዎን ከገበያ ቢወስድብዎትስ?»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። ትንሽ ዝም አሉ።

«ውይ! እሱንማ ማን ይላል? እንዲህ ካለማ ይቅርብኝ።»

ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የተናገረ ሰው አልሰማሁም። እማማ የፈለጉት መንገድ ነው፣ ትምህርት ቤት ነው፣ ፍርሃት የሌለበት ገበያ ነው። አጥኚ ቢመጣና «ጠንካራ መሪ ይፈልጋሉ?» ብሎ ቢጠይቃቸው አዎ ይሉት ነበር። እሱም ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎ ይሄድ ነበር። ጸሐፊው የያዘው ያንን ምልክት ነው።

ጸሐፊው መልስ ሊጽፍልኝ ከፈቀደ በደስታ አነባለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምነዋለሁ። ያ ክንደ ብርቱ ሰው መጥቶ የእማማን ልጅ ከገበያ ቢያፍሰው፣ እማማ ማን ዘንድ ሄደው አቤት እንደሚሉ ይጻፍልኝ።